ሰባት ኪሎ በነፍስ ወከፍ

እናቴ ኦርኔላ፣ በሐምሌ መባቻ፣
ሕግ አወጣችልን፣ አንድ መስመር ብቻ፤
«ሰባት ኪሎ ለሰው። ከዚያ ያለፈ ነገር
ቱሪን ይከርማል፤ አልፈልግም ክርክር።»
የዓሣ ነጋዴ ሚዛን ከበሩ አንጠልጥላ፣
እንደ ጉምሩክ ሹም ቆመች፣ እጅጌዋን ጠቅልላ።

ቀድሞ የቀረበው አባቴ ካሎጄሮ፤
ትራም ጠጋኝ ነው፣ ብረት ነው የሱ ኑሮ።
አሥራ አንድ ኪሎ ሞላ። ዚፑን ስትከፍተው
መፍቻ፣ ጉጠት፣ ሽቦ፣ ካናቴራው ሥር ነው።
«ይኼ ሁሉ መፍቻ ምኑን ሊፈታ ነው?»
«ምናልባት ቢበላሽ...»
                              «ምኑ? ባሕሩ ነው?»
ሳቅን። እሱ አልሳቀም። አንድ ባንድ ሲያወጣ
ሚዛኑ ቀስ እያለ ወደ ሰባት መጣ።
ትንሿን መፍቻ ግን፣ ማንም ሳያይበት፣
ካልሲ ውስጥ ከተታት። እኔ አየሁት። ዝም አልኩት።

ወንድሜ ኑንዚዮ፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣
መላጫ ይዟል፤ ጢም ገና አላወቀም ፊቱ።
«ድንገት ቢበቅልብኝ» አላት ቀላ ብሎ፤
አሳለፈችለት፤ ተስፋ ምን አለው ኪሎ?

እኔ ብልጧ ደግሞ፣ ሚዛን ለመሸወድ፣
ሦስት ቀሚስ ደራርቤ፣ በዚያ የበጋ ነዲድ፣
እንደ ቀይ ሽንኩርት ሆኜ ላቤ ይንቆረቆራል።
ሚዛኑ ቦርሳ እንጂ መቼ ሰው ይመዝናል?

በመጨረሻ ፊያማ፣ አምስት ዓመት ያልሞላት፣
ባዶ ብልቃጥ ይዛ። «ምንድን ነው?» ብንላት
«ባሕሩን ልከትበት።»
«ይለፍ» አለች እናት።

ግን የሷ የራሷ፣ የሕግ አውጪዋ ሻንጣ፣
ሲመዘን ሦስት ኪሎ፤ ጎድጓዳ እንደ ዋንጫ።
«የት አለ ልብስሽ?» ብሎ አባቴ ቢጠይቃት
«ቦታ ይዣለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልነበራት።

ባቡሩ ሌሊቱን፣ ቀኑንም ከነፈ፤
መሲና ላይ ምድር አለቀና አረፈ።
መርከብ አፉን ከፍቶ ዋጠው ከነጓዙ፤
ፊያማ ጠየቀች፣ ዓይኖቿ እየፈዘዙ፦
«ይኼን ማን መዘነው?»
ማንም አልመለሰላትም።

አክስቴ ክሮቺፊሳ ቤት፣ ከባሕሩ በላይ፣
ማታ ያጠብነው ሸሚዝ ሳይነጋ ደርቆ ገመድ ላይ፣
አሥር ቀን ከረምን በሁለት ልብስ ፈረቃ፤
የጎደለን የለም፤ ማን ሊያየን ነው በቃ?
በአምስተኛው ሌሊት ቧንቧው ፈነዳና
ወጥ ቤቱ ኩሬ ሆነ። አባቴ ተነሣና
ካልሲውን ፈታ፣
መፍቻዋን አወጣ።
እናቴ አየችው። ቃል አልወጣትም።
ፋኖሱን አነሣች፤
እስኪጨርስ ድረስ አበራችለት።

የመመለሻችን ዕለት አክስቴ ጣቢያው ድረስ
ሣጥን ተሸክማ መጣች፤
አረንጓዴ የበጋ ሎሚ፣ ከነቅጠሉ፣ ሃምሳ።
ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አምናም መጥታ ነበር።
ሻንጣችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤
«ቦታ የለንም» ብለን ሣጥኑን ከነፍሬው
ጣቢያው ወንበር ላይ ነው ትተንላት የሄድነው።
ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት ያየኋት
ቀሚሷን ስትጠራርግ፣ የምትሠራው ጠፍቷት።

ለካ እናቴ ያን ፊት ነው
ዓመት የተሸከመችው።

ሻንጣዋን ከፈተች።
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል፤
ለአምስት ሰው አሥር አሥር፣ በየቦርሳው ይገባል፤
በኑንዚዮ ጫማ፣ በእኔ ቀሚስ እጥፋት፣
በአባቴ ካልሲ ውስጥ፤ መፍቻዋን ትቶላት።

ቱሪን ቤት ስንገባ ሚዛኑ እንደ ተሰቀለ ነው፤
ጓዙን የመዘነ የለም።
ፊያማ ብቻ ብልቃጧን አንጠለጠለች።
ባሕሩ ባቡር ላይ ፈስሷል፤
ከታች የቀረ አንድ ነጭ የጨው ቀለበት።
መርፌው ንቅንቅ አላለም።
እናቴ ጎንበስ ብላ አየች፣ ቆየች፣

«ይለፍ» አለች።