አጥፊልኝ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ የፒያሳን መብራት ሲውጥ፣
ሱቄን ልዘጋ ስል፣ አንዲት ልጅ ደረሰች ስትሮጥ።
ሱቅ ማለት ይበዛባታል፤ ከልብስ ሰፊው ጎን የበቀለች፣
አንድ ካውያ፣ አንድ አምፖል፣ ሁለት ሰው ከገባ የሞላች።

«እትዬ መዲና፣ አጥፊልኝ» አለች፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ጥላ።
«ምኑን ነው የማጠፋልሽ?»
«ሁሉንም። ጠቅላላ።»

ጦይባ ናት፣ የሾፌሩ የይመር አሰን ልጅ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ፣ የተሰነጠቀ ስልክ ሳበጅ
አጠገቤ የምትቆም፣ «ይሄስ ምን ይሠራል?» የምትል፣
ብሎን ከብሎን ለይታ በየቆርቆሮው የምታድል።
ዛሬ ግን ዓይኗ መሬት ነው፤ ጣቷ የሻርፗን ጫፍ ይፈትላል፤
ድምፁ የታፈነው ስልክ እንደ ጢንዚዛ በጀርባው ይንፈራገጣል።

አንዴ።
ሁለቴ።
ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ አነበበ፦
«እስከ ነገ ሁለት ሺህ ብር። አለዚያ ፎቶው ላባትሽ።»
ከሥሩ ቀይ ጽጌረዳ፣ «ደህና እደሪ» የሚል።

መጀመሪያ ሐያት ነበረች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ የኮምቦልቻ፤
እሷም ሂሳብ የሚከብዳት፣ እሷም ለእናቷ አንድ ብቻ።
ከጨዋታ ተነሥተው፣ ከዘፈን፣ ከፀጉር አሠራር፣
አንድ ሌሊት «ምስጢር እንለዋወጥ»፤ አንድ ፎቶ፤ ይኸው ነው ነገር።
በማግሥቱ ሐያት የለችም። ጺም አወጣ ጽሑፉ፤
ብር መቁጠር፣ ቀን መቁረጥ ጀመረ ያ ጣፋጭ አፉ።

«አጥፊልኝ» ትላለች ደግማ። «ካልሆነም ስበሪው።»

አምና አንድ ልጅ ነበር፣ የገራዶ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።
«አጥፊልኝ» አለ፤ አጠፋሁ። ሃምሳ ብር ተቀበልሁ። ለምን አላልሁትም።
ከዚያ ትምህርቱን ጥሎ ሄደ አሉ። ልጁን ነው ያጠፋሁት
ወይስ የሌባውን ዱካ? እስከ ዛሬ አልለየሁት።

«አላጠፋም» አልኋት።
«እንዳለ ይቀመጥ፤ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ የአካውንቱ ስም፤
ፎቶ አንሥተን እንያዘው። ብር አትልኪ፤ መልስም አትስጪ፣ ምንም።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያ አባትሽ።»
ከንፈሯ ነጣ። «ይገለኛል» አለች።

«ይገለኛል» በልጅ አፍ ስንት ነገር ነው፤
አንዳንዴ ጥፊ፣ አንዳንዴ ኩርፊያ፣
አንዳንዴም እውነት። የቱ እንደሆነ አላወቅሁም።
እኔም ፈራሁ። ግን ስልኩን በአንድ እጄ፣
እሷን በሌላው ይዤ ወጣሁ።

ይመርን ሸዋ በር አገኘነው፣ ከሚኒባሱ ጎማ ሥር።
እስኪያልቅ ሰማኝ። መፍቻውን አስቀመጠ፣
እንደ ዕንቁላል፣ ቀስ ብሎ።
እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ የሆነውንም ጠረገ።
ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጁ፦

«ሐረጎ ላይ ፍሬን ሲበጠስ ሾፌር ምን ያደርጋል?»
ቆየች። «ጥሩምባ ይነፋል።»
«ለምን?»
«ሰው እንዲሰማ። መንገድ እንዲለቁለት።»
«ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ፍሬን ስትወርጂ...»
አልጨረሰውም። ድምፁ ተሰበረ፤
«...ወይስ ነፍተሽ እኔ ነኝ ያልሰማሁት?»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ጎማው ላይ ተደግፋ፣
ሻርፗ ግሪስ ነክቶት፣ ማንም ሳይገላት።

ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መዝጋቢው
«አካውንት»ን ሁለት ጊዜ ሰርዞ ጻፈ።
ሰውዬው ይያዝ፣ ፎቶው ይውጣ፣ የማውቀው የለኝም፤
ስልኩ የይመር ዳሽቦርድ ላይ ሲንፈራገጥ ዋለ፣
ማንም አላነሣለትም።

አሁን ንጋት ላይ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣
በሱቄ በር ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል፣
መንገዱ ላይ ድመት እንኳ ሳይኖር።

እኔም ከካርቶን ቆርጬ በሩ ላይ ሰቀልሁ፦
«ስልክ እንጠግናለን።
ከማጥፋታችን በፊት እንነጋገራለን።»
ፊደሉን አጉልቼዋለሁ፣
ከገራዶ የሚመጣ ታክሲ ውስጥ
በመስኮት የሚያይ ልጅ ቢኖር።