ሳለ

ኡላንባታር፣ ጥር ወር። ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ።
ጭሱ ከየድንኳኑ ወጥቶ፣ መሄጃ ቢያጣ፣
ተመልሶ ሰፈር ገባ።
ጠዋት ነው ይላሉ፤ ፀሐይ ትሁን ጨረቃ
ማን ለይቶ ያውቃል?
ተማሪው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣
ሻርፑን አፉ ላይ ጠምዝዞ፣
በውሻ ጩኸት አቅጣጫ እየለየ ይዘልቃል።

"ሰማይ ሳሉ" አለች መምህርት ዱልማ፣
ወረቀትና ቀለም አድላ።
ሠላሳ ሁለት አንገት ወረቀቱ ላይ አጋደለ።
ተሙለን፣ የሰባት ዓመቱ፣ ከመስኮቱ ጥግ
ሳለ።
ቆመ። ትንፋሽ ሰበሰበ። ደግሞ
ሳለ።

በነሱ አፍ ሁለት ቃል ነው፣ የማይተዋወቅ፣ ሩቅ ለሩቅ፤
በእኔ አፍ ግን አንድ ሆኖ ጉሮሮዬ ላይ ሲያንቅ
የቱን እንደጻፍኩ እኔም አላውቅ።
እርሳሱ ነው የሳለው? ደረቱ ነው የሳለው?
ልጅ ሳለ ነው የሳለው።

ግራጫው ቀለም ከየሳጥኑ አልቋል።
ሰማያዊው ጫፉ እንኳ አልዶለዶመም፣ እንደተገዛ አለ፤
ተሙለን ብቻ ከወረቀቱ ጥግ፣ አዝራር የምታህል
ሰማያዊ ነጥብ ጣለ።
"ይቺስ?" አለችው።
"የአጎቴ አገር ናት፣ ፈረስ የጋለብኩ ለት።
እዚያ ሳለሁ አልሳልኩም።"

እናቱ ኦዩንጌሬል አስፋልት ዳር ቆማለች፤
የድንጋይ ከሰል በጆንያ ትሸጣለች።
ሁለቱ ጆንያ ለዱቄት፣ ለሥጋ፤
ሦስተኛው፣ ልጇ በአፉ ለሚስበው መድኃኒት ዋጋ።
ሐኪሙ "ከጭስ አርቂው" ብሏታል፤
ወዴት እንደሆነ አልነገራትም።
ገበያው የሚደራው ብርዱ ሲብስ ነው፤
ብርዱ ሲብስ ጭሱ፣ ጭሱ ሲብስ ሳሉ፣
ሳሉ ሲብስ መድኃኒቱ፣ ለመድኃኒቱ ከሰሉ...
ሂሳቡን ጀምራ ትተወዋለች።
ደንበኛ መጣ።

ማታ፣ ምድጃው ሊጠፋ ሲል፣ እጇ አካፋው ላይ ዘገየ።
ቢጠፋ ብርዱ አለ፤ ቢነድ ደግሞ...
አንድ አካፋ ጨመረች።
ተሙለን ሥዕሉን ዘረጋላት።
"የታለ ሰማያዊው?" ብላ ወደ እሳቱ አስጠጋችው፤
በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ቆይታ
አገኘችው።
ጣቷን ስታነሳ ነጥቧ የለችም፤
የእናት አሻራ ብቻ፣ ጥቁር፣ ክብ።

"ከሥሩ አለች" አላት ልጇ፣ ሊያጽናናት፤
"ነገ በላጲስ..." ሊል ፈልጎ
ሳለ።