ወጪ ጥሪ

«ገቢው ይሠራል፣ ወጪው እምቢ ብሏል» ይላል የመጣልኝ ቃል፤
ሹዌክ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ኮንቴይነር የሚያስጭን አንድ መሥሪያ ቤት ታሟል።
ላፕቶፔን በብብቴ፣ መፍቻዬን በኪሴ፣
የበሩ እጀታ ፈጀኝ፤ ገባሁ፣ የነሐሴን ላብ እየጠረግሁ ከራሴ።

ሚስተር ቫርጊስ ቆሟል፣ ሦስት ስልክ ፊቱ ደርድሮ፣
«ከጠዋት ጀምሮ!
መርከቡ ጀበል ዓሊ ቆሟል፣ ሰነድ ይጠብቃል፤
እነሱ ይደውላሉ፤ እኛ መመለስ አቅቶናል።»

ሐኪም ከምላስ ይጀምራል፣ እኔ ከገመድ።
ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አረንጓዴዋ መብራት ትጠቅሳለች እንደ ልማድ።
በሞባይሌ ደወልኩላቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።
ዘጠኝን ለውጭ መሥመር፣ ከዚያ ያንኑ የኔን ቁጥር መታሁ፤
ሁለት ትንፋሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ቱ፣ ቱ፣ ቱ ሰማሁ።
የተቆለፈ በር እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይመልስም።

ሌላው ስልክ፣ ያው። የሒሳብ ክፍሉ፣ ያው። የመጋዘኑም።
የቴሌው ሰው ማለልኝ፦ «መሥመሩ ንጹሕ ነው፤ ዕዳም የለባቸው።»
እንግዲህ ሕመሙ ከውስጥ ነው፤ ማዞሪያው ነው አንደበቱን የያዘው።

መዝገቡን ከፈትኩ። ማዞሪያ አይረሳም፤ አይታዘብምም፤
ማን፣ ለማን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፤ ሌላ ነገር አይጽፍም።
የዛሬው ሁሉ «አልተፈቀደም»፣ «አልተፈቀደም»።
የመጀመሪያው ግን የትናንት ማታ ነው፤
የውስጥ ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት፣ የሻይ ክፍሉ ስልክ፣
በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ተኩል፤
ዜሮ ዜሮ ሁለት አምስት አንድ…
ቆምኩ፣
ሰው በባዕድ ገበያ መሐል ስሙን ሲሰማ እንደሚቆም።

ወደ ኋላ ሄድኩ። በየማታው ያው ቁጥር፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣
አንዳንዴ ሃያ ሴኮንድ፣ ለ«ደህና ናችሁ?» ብቻ የምትበቃ፤
በዐረፋ ማታ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።

ያችን አሥራ ዘጠኝ ያየ ሌላም ዓይን ኖሯል፤
ትናንት ከቢሮ ሲወጣ ትእዛዝ ጽፎ ቀብሯል።
ዘጠኝ ብሎ፣ ሁለቱን ዜሮ፣ የአገሯን ቁጥር፣ ከዚያ ኮከብ ማድረግ ሲገባው፣
እጁ ቸኮለ፤ ከዘጠኙ ቀጥሎ ኮከብ።
ኮከብ በማዞሪያ ቋንቋ «የመጣው ሁሉ» ነው።
አንዲት ሴት ሊዘጋ፣ ወደቡን ዘጋው።

«አገኘኸው?» አለ። «አገኘሁት» አልኩ።
የማንን እጅ እንዳገኘሁ ግን አልተናገርኩ።
ኮከቡን አጠፋሁ። ዱባይ አነሣ፤ ሁለት ሰው አጨበጨበ።
ቫርጊስ ወንበሩን ወደኔ ሳበ፤
«ያቺኛዋን በትክክል ዝጋልኝ፤ የአገርህን።
ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ለኔም ከላይ ጠያቂ አለኝ።»

ጻፍኩ። በገዛ እጄ።
ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ፣ ኮከብ።
«ፈትነው» አለ።
በቃሌ የማውቀው የዚያ አገር ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴ።
ደወልኩ።
ቱ፣ ቱ፣ ቱ።
«ይሠራል» አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ባልዲዋን ይዛ፣ ግድግዳ ተጠግታ አሳለፈችኝ፤
ጦይባ ይላል የደረቷ ካርድ። «ተሠራ?» አለችኝ።
«ለነሱ።»
ደረሰኝ ጀርባ ላይ የቢሮውን ቁጥር ጻፍኩላት፣
«ገቢውን የከለከለ የለም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚመጣው
ወደ ሻይ ክፍሉ ይዞራል። እኔ ነኝ ያዞርኩት» አልኳት።
ወረቀቱን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ከጥፍር እስኪያንስ።
«ካርድ ማን ይሞላላቸዋል?» አለች፣
ለባልዲው እንጂ ለኔ አልመሰለኝም።

በወሩ ለጥገና ተመለስኩ። ስልኩ ሁሉ ጤና።
መዝገቡን ከፈትኩ፣ ሥራዬ ነውና።
ሃያ ሰባት ማታ ባዶ።
በሃያ ስምንተኛው፣ ሦስት ተኩል፣ ገቢ፣ ከሁለት አምስት አንድ፤
ሰባት ጊዜ ጮኸ።
ተነሣ።
አርባ አንድ ሴኮንድ።