መያዣ

ሄርማታ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ከኦቦ ተማም መጋዘን፣ ከሚዛኑ ግርጌ፣
ላፕቶፔን ከፍሳሹ በፌስታል ሸሽጌ፣
ሁለት ቋንቋ አስታርቃለሁ፣ አንዱ ሌላውን የማያውቅ።

አንደኛው ሲ ነው፤ እንደ ጅማ በርጩማ ካንድ ግንድ የሚፈለፈል፣
ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ ካለቀ ወዲያ እግር አይቀጠል።
ሌላው ሉዋ ነው፤ ልክ እንደ ነስሩ እየተናገረ ያስባል፤
ጠዋት ያቆመውን በምሳ ሰዓት ያፈርሳል፤
አጠናቃሪ ደጅ አይጠናም፣ አስተርጓሚ ይበቃዋል።

ሚዛኑ የሚያውቀው ስምንት ባይት ነው፦
አራቱ ለክብደት፣ ሁለቱ ለእርጥበት፣
አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ባዶ ቤት፣
ለአሰላለፍ ብቻ የተተወ ክፍት።

ነስሩ ባይት አይገባውም።
«እኔ የምሻው ጆንያ ነው» ይለኛል፣ እግሩን ክምሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ስጠራው አቤት የሚል፣ ኪሎውን የሚነግረኝ ቶሎ፤
ከጆንያ ጋር ደምር ሲሉት እሺ፣ ከቀን ጋር ሲሉት እምቢ የሚል።
ጠባይ ያለው።»

ስም አወጣሁለት። ሰሌዳ ዘርግቼ ጠባዩን ጻፍኩ፣
ይህን ሲሉት ይህን ይበል፣ ያንን ሲነኩት ያንን ያድርግ እያልኩ።
ጆንያውን ግን አልሰጠሁትም።
ጆንያው ከሲ ደጃፍ አይወጣም።
የሰጠሁት መያዣ ነው፤ ኦቦ ተማም ለገበሬ እንደሚቆርጡት ወረቀት፣
ላዩ ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ይጠቁማል ወደ አንድ ቤት።

ነስሩ ክብደትን በኦሮምኛ ሰየመው፣ ኡልፋቲና ብሎ፤
በመጀመሪያው ሌሊት ግን ጣቱ ቸኩሎ
ኡልፊና ብሎ ጻፈ። ክብርህ ስንት ነው እንደማለት።
ጆንያው ሰሌዳውን አገላብጦ፣ አጥቶ፣ መለሰለት፦
የለም።
ሳቅን። ዘበኛው በመስኮት ባትሪ አበራብን።

ማክሰኞ ለት አልሳቅንም።
አባ ቦራ ከሰቃ መጥተው ጆንያቸውን ሚዛን ላይ ጣሉ፤
ስልሳ አራት ኪሎ አለ፣ ቀጥሎ ዜሮ፣ ቀጥሎ ሚሊዮን ከነምናምኑ።
«እኔ የማምነው ትከሻዬን ነው» አሉ፣
«እሱ እንኳ ቃሉን አይቀያይርም።»

እስከ መግሪብ ፈለግሁ።
የሉዋ ጠራጊ፣ ቤት መጥረግ የማይሰለቸው፣
ማንም ያልጠራውን መያዣ አይቶ፣ ባለቤት የለውም ብሎ ጣለው፤
ጆንያውንም ከነቤቱ አፈረሰው።
ሚዛኑ ግን ጣቱን አላነሳም ነበር፤
ሰው በለቀቀው ቤት በር
እንደሚያንኳኳ ፖስተኛ፣
ከውስጥ የመለሰለት ሌላ ተከራይ፣ ሌላ እንግዳ።

ኦቦ ተማም ኮድ አያውቁም። ጥራዛቸውን ገልጠው አሳዩኝ፦
«በራሪው ለገበሬው፤ ቀሪው እኔ ዘንድ ይቀራል።
ሁለቱ ሳይገናኙ ጆንያ የነቀነቀ ሌባ ይባላል።»

አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ሚዛኑም ቀሪ ይያዝ አልኩ፤
ቆጣሪው ዜሮ ሳይል ጠራጊውን ከለከልኩ።

ሐሙስ አባ ቦራ ተመለሱ። ስልሳ አራት።
ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረጉና ዝም አሉ።

አሁን ዝናቡ አባርቷል፤ አዌቱ ግን ገና ይጮሃል።
ነስሩ ያችን የተሳሳተች ቃል አልሰረዛትም፤
ሁልጊዜ ጠዋት፣ መጋዘኑ ሲከፈት፣ ኡልፊና ብሎ ይጠይቃል፤
ጆንያው ሁልጊዜ የለም ይለዋል።

እኔ ዘንድ አንድ ባይት አለች፣ ለአሰላለፍ የተተወች።
አልነገርኩትም።