በሩ ብቻ

ሌሊቱን በሙሉ ከጠረጴዛው ሥር
የጎረቤት ልጆች አቅፋ ስትቆጥር፣
ነፋሱ ከአፏ ላይ ቁጥሩን እየቀማ፣
ሱአዛራ ከአንድ ስትጀምር፣ ደግማ ደጋግማ፣

ማናንጃሪ ላይ ነጋ።
                        ከቤቷ የቀረ
በር ብቻ፣ ከነመቃኑ፣ እንደተቀረቀረ።
ቆርቆሮው የት ገባ? ባሕሩን ብትጠይቅ፣
ተኝቷል እንደ ጨዋ፣ ምንም እንደማያውቅ።

ታንኳ ጠራቢው ቶቱዛፊ መጣ፣
ግራ ጫማውን ጭቃ ውስጥ ያጣ።
በጎን ማለፍ ሲችል፣ ሜዳው ክፍት ሳለ፣
በሩን ቆርቁሮ ቆሞ «ቤቶች! ቤቶች!» አለ።
«ይግቡ» አለች። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፤
እንባ የምትጠርግበት ደረቅ ጨርቅ አጣች።

እጁ ላይ ሳንቃ አለ፣ የታንኳው ስባሪ፤
ጠማማ ሚስማር ይዛ ደረሰች ቬሉማሪ።
ሩዙ ማሳ ላይ ለወደቀው ቆርቆሮ
ባለቤት ተገኘ፣ ቀዳዳው ተቆጥሮ።
ቅርንፉዱ ግን ወድቋል፤ ዳግም እስኪያፈራ
ስንት ዓመት? ያን ቀን ማንም አላወራ።

ዛሬ በሩ ቤት አለው፤ የምሥራቁ ግድግዳ
ከፈረሰው ትምህርት ቤት የመጣ ሰሌዳ።
«ሰባት በስምንት ሲባዛ» ይነበባል ገና፤
መልሱ ግን የለበትም፣ ዝናብ ወስዶታልና።
ልጆች መጡ፤ በከሰል ተጻፈ መልሳቸው፤
ሁሉም ተሳስተዋል።
                        አላረመቻቸው።