ይከፈት

አስፋልቱ ደክሞት ከሚቆምበት፣ ከኮዬ ፈጬ ዳር፣
ከመጨረሻው ብሎክ ኋላ፣ ከስንዴው ማሳ ድንበር፣
አንድ ክፍል አለን፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ ባለ ሁለት ቁልፍ፣
ዝናብ ሲወርድ ድምፄን ውጦ ወደ ማሳው የሚያሳልፍ።

አሥራ አራት ኮምፒውተር ነበሩን፤ በእርዳታ የመጡ፤
ዘጠኙ የሚነሱ፣ አምስቱ ለመለዋወጫ የተቀመጡ።
በየማለዳው ከጥግ ብቅ ይላል አንድ ግራጫ ጽሑፍ፤
«ፈቃድ የለህም፤ ክፈል» ይላል፤ አይሰለች፣ አያርፍ፤
እንደ ቤት አከራይ።
የተማሪ ፍላሽ ስንሰካበት የቤት ሥራዎች ሁሉ
ሾርትከት ሆነው ያድራሉ፤ ብንነካቸው «ባዶ ነን» ይላሉ።
ጥፋቱ የኔም ነው። የግብረ ገብ መምህርም እኔው ነኝና፣ በተሰረቀ ዕቃ
«ስርቆት ነውር ነው» ብዬ ጽፌ አትሜ ሳድል ኖርኩ፤ በቃ።

ቅዳሜ ገመቹ መጣ፤ የድሮ ተማሪዬ፤
ፍላሽ በፌስታል ጠቅልሎ፤ «ይኸን ጫንበት ጋሽዬ፤
ሊኑክስ ነው፤ ነጻ ነው።» «በነጻ?» አልኩት ተጠራጥሬ፤
«በነጻ ተብሎ ያላስከፈለኝ አላየሁም እስከ ዛሬ።»
«አይ፣ "በ"ዋን አውጣት ጋሼ። በነጻ ሌላ፣ ነጻ ሌላ።
የተቆለፈ በነጻ ቢሰጡህ፣ ያው ነህ የሰው ጥላ።
ይኸኛው ሆዱ ክፍት ነው፤ የተጻፈበትን ታያለህ፤
ትገለብጣለህ፣ ትሰጣለህ፣ ካልጣመህ ትቀይራለህ።»

ዘጠኙ ላይ ጫንን። መብራት ሦስቴ ሄደ፤ ሦስቴ እንደ አዲስ ጀመርን፤
ሲመሽ ከዘበኛው ከአያ ሙለታ ጋር ቆሎ ቆረጠምን።
ከሞቱት አምስት ሁለቱ ተነሱ። ሙለታ ቆሞ እያየኝ፣
«ሸክም በዝቶባቸው እንጂ መች ሞተው ነበር?» አለኝ።
አንዱን ለልጁ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ወሰደ፤
ፈቃድ የጠየቀው የለም። የኛም አልጎደለ፤ እሳት እንደ መጫር ነው፤
እዚህም ነደደ፣ እዚያም ነደደ።

ልጁ ኩለኒ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል።
ምናሌውን በአማርኛ አድርጌላት ነበር፤ ትስቃለች ስል
ግንባሯን ቋጠረች።
«መምህር፣ ይኸ ማሽን እኔን ወንድ አድርጎ ነው የሚያየኝ?»
«እንዴት?»
«"ክፈት" ይላል፤ "አስቀምጥ"፤ "ዝጋ"፤
ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ፤ ከማን ጋር ነው የሚያወጋ?»

የባንኩ ማሽንም እንደዚያው ይለኛል፤ አንዴም አልቆረቆረኝ፤
እኔን ሲጠራኝ ሁሉን ሰው የጠራ መሰለኝ።
የቃላቱን ዝርዝር ገልጬ አሳየኋት። «ይኸው፤ አስተካክዪ።»
«እኔ?»
«አዎ፣ አንቺ።»

በሁለት ሳምንት ሠላሳ ገጽ፤ ክፈቺ፣ አስቀምጪ፣ ዝጊ።
ዮናታን ሰኞ ገብቶ «ክፈቺ? እኔን?» ብሎ ፊቱ ቀላ፤
«አሁን ገባህ?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።
ሦስት ቀን ተከራከሩ። «"ይክፈቱ" ይሁና!» አለ አንዱ፤
«ለሰባተኛ ክፍል አንቱታ?» ብለው ሁሉም ፈነዱ።
በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ብሩክታዊት፣ ዝምተኛዋ፣
ጠመኔ አነሳች፤ እየተንቀጠቀጠች ጣቷ፣
ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል፤

ይከፈት።

ክፈትም አይደል፣ ክፈቺም አይደል፤ ወንድ ሴት የማይለይበት፤
ማንም ይምጣ፣ ማንም ይንካው። ዝም ብለን አየናት፤
ዮናታን አጨበጨበ።

ልከነዋል፤ ቃላቱን ለሚጠብቁት፣ ስማቸውን ለማናውቀው።
እስካሁን መልስ የለም። ቢቀበሉም ባይቀበሉም፣ እኛ ጋ ያለው
አስሩም ማሽን፣ የሙለታ ቤቱም፣ እንደዚያ ነው የሚናገረው።

ዛሬ መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ልጆቹ በፍርግርጉ ያያሉ፤ «መቼ ይመጣል?» ይላሉ።
በዓመቱ መጀመሪያ የተለጠፈውን የላቦራቶሪ ሕግ፣
«ያለ መምህር መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ገንጥዬ
በጀርባው ለርእሰ መምህሩ ማመልከቻ ጻፍኩ፤
ሁለተኛውን ቁልፍ ከላዩ አስቀምጬበት፦

ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣
ይከፈት።