መልሱን ያዢው

ኮዬ ፈጬ፣ አስፋልቱ ካለቀ ወዲያ፣
ከብሎኬት ማምረቻው ፊት ለፊት፣
ምሳ የምበላባት አንዲት ቆርቆሮ ቤት።
ስሜ እዚያ «ቸሩ» ነው፤ ለሳኙ ወርዶፋ መባሌን ትቼ፣
ሁለት ድፍን ባለ ሁለት መቶ አውጥቼ፣
«መልሱን ያዢው» እላለሁ፣ ጃኬቴን አንጠልጥዬ፣
እንደ ባለጸጋ ቀና ብዬ።

ግድግዳ በቱምቢ አቀናለሁ፤
መቀነስ ግን አልችልም። ይኸው ተናገርኩ።
ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆምኩ።

ማክሰኞ ኔትወርክ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ጥሬ ብር ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል፣
ኢንጂነሩ በስልኩ ይደምራል፣ ይሳሳታል፣ ይደመስሳል።
ብዙነሽ ሰባቱን ጠረጴዛ በአንድ ትንፋሽ ደምራ
መጣች እኔ ጋ፣ በተራ።
«ሁለት መቶ ስልሳ አምስት። ከአራት መቶ ስንት ይመለስልሃል?»
ሳቅሁ።
እሷ አልሳቀችም።

«አንድ ቤት ባዶ ነው» አለች፣ ስቴኪኒ እየደረደረች፣
«አስር ቤትም ባዶ። መቶ ቤት ሂድና ተበደር» አለች።
የአባቴ ኑዛዜ ደግሞ «ከጎረቤት አትበደር» ነበር፤
ለካ ሃያ ዓመት የከሰርኩት በዚያ ምክር!

መቶ ሠላሳ አምስት።
ላቤ በስቴኪኒው ላይ ጠብ አለ።
«ያለፈው የአስተማሪ ደሞዝ ይሁንልኝ» አለች፣ ቀስ ብላ፣
ማንም ሳይሰማ።

ሦስት አስር ብር ለይቼ እጇ ላይ አኖርኩ፤
መቶ አምስቱን ኪሴ ከተትኩ።
«ቸሩም ሰሰተ እንዴ ዛሬ?» አለ ኢንጂነሩ ከኋላዬ።
ዝም አልኩት።
እስከ ትናንት የጣልኩት መልስ ነው፤
ይቺ ናት ጉርሻዬ።